ስኬታችሁን ስትነግሩን ሥራውንም ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚገኙ የሥነ ሰብ፣ የቋንቋ፣ የኪነ ጥበብና የማኅበራዊ ሳይንስ ኮሌጆች ዲኖችና የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የተማሪዎችን፣ የመምህራንንና የቀድሞ ምሩቃንን ስኬት የምታሳውቁበትን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ዲኖችና ኃላፊዎች፣

የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን የሚሞሉበት ሰሞን ሲደርስ ሥራዬ እጥፍ ይሆናል። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቋንቋ ወይም ፍልስፍና ያማራቸው ልጆች በየተራ እየመጡ «ብንገባ ምን እንሠራለን?» ይሉኛል። ወላጆቻቸው አብረው ባይመጡም ጥያቄው የማን እንደሆነ ከልጆቹ ድምፅ ያስታውቃል። ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ የሚሆነኝን ነገር እናንተ ከምታወጧቸው ዜናዎች ለማግኘት እሞክራለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህን ይመስላል፦ አንድ መምህር የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸውን በተሳካ ሁኔታ አቀረቡ፤ አንድ የትምህርት ክፍል ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ፤ አንድ የቀድሞ ምሩቅ የክብር ካባ ደረቡ። ከሥሩ ፎቶግራፍ አለ። እቅፍ አበባ፣ የተጨባበጡ እጆች፣ ከኋላ ባነር። ጽሑፉ ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘ፣ ከማን ሐሳብ ጋር እንደተሟገተ የሚነግረን አንድ ዐረፍተ ነገር ግን አይገኝም። አንዳንዴማ ርዕሱም ይቀራል።

ደብዳቤዬ ረዘም ስለሚል እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው ቢኖር እንዳያመልጠው ልመናዬን እዚሁ ልናገር። ስኬት ብላችሁ ስትነግሩን የተሠራውን ሥራ ንገሩን። ሰው ተሸለመ ስትሉ በምን እንደተሸለመ፣ ዲግሪ አገኘ ስትሉ ምን እንዳወቀ አስረዱን።

የምትናገሩት አጥታችሁ ነው ብዬ አላምንም። እንዲያውም የሚያናድደኝ፣ ያላችሁ ታሪክ ከምታወሩት እጅግ መብለጡ ነው። በደንብ የተመዘገበ ታሪክ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከዚያ እወስዳለሁ፤ የሌሎቻችሁ ቅር አይበላችሁ።

ከተማሪዎች ልጀምር፤ የምርቃት ቀን ካልሆነ በቀር የሚያነሳቸው የለምና። የታሪክ ትምህርት ክፍሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፍ ነበር። ተማሪው ብዙ ጊዜ ወደ ተወለደበት አካባቢ ይሄዳል። የወረዳውን የመሬት ሥሪት፣ የገበያውን አመሠራረት፣ የአንድ ገዳም ወይም የአንድ መስጊድ ታሪክ፣ የጣሊያንን ወረራ ዘመን ከሽማግሌዎች አፍ ይለቅማል። ተመልሶ በታይፕ ያስመታውና ያስጠርዘዋል። ከእነዚህ ጥራዞች አንዱ እጁ የገባ ሰው ንባቡን ከመጨረሻዎቹ ገጾች ቢጀምር እመክራለሁ። እዚያ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ በመጨረሻም አስተያየት የሚል ጠባብ ዐምድ። በዚያች ዐምድ ውስጥ ተማሪው እንደ ዳኛ ይቀመጣል። እኒህ አዛውንት የአባታቸውን ዘመን አጥርተው ያውቃሉ፤ እኒያ ስለ ግብሩ የሚያውቁት ብዙ ቢሆንም የዘመን ቅደም ተከተል ያምታታቸዋል፤ ሌላኛው የባላባቱ ዘመድ ስለሆኑ ወደዚያ ያደላሉ፤ የሚል ዓይነት።

ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ያለ ልጅ አያቱን የሚያህል ሰው ፊት ተቀምጦ ቃሉን በአክብሮት ይቀበላል። ማደሪያው ሲገባ ደግሞ ያንኑ ቃል ሳያፍርና ሳይዳፈር ይመዝነዋል። ይህን በአንድ ክረምት የሚማሩበት ሌላ ቦታ ካለ አላውቀውም። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ እዚህ ውስጥ ነበረ፤ ፍርድ ቤትም፣ ጋዜጣም፣ ባንክም የሰማውን መዝኖ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉና።

እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። ለብዙ ወረዳዎች ከእነዚህ የተማሪ ጽሑፎች የቀደመ በጽሑፍ የሰፈረ ታሪክ ማግኘት ይቸግራል። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ልጅ የሆኑትን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ጨምሮ ስለ ዘመናዊት ኢትዮጵያ የጻፉ ሊቃውንት በምንጭነት ጠቅሰዋቸዋል። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በለንደንና በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት በሚገኝ መጽሐፍ ግርጌ ስሙ ሰፍሯል ማለት ነው። ራሱ ይህን ያውቅ ይሆን? ምናልባት አንድ ከተማ ውስጥ የጡረታ ደመወዙን እየተቀበለ ይኖራል፤ ምናልባት ከአብዮቱ ዘመን አላለፈም። የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማስነበብ መጀመራችሁ የሚያስመሰግን ነው። የቆዩት የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፎችም አንድ በአንድ ተቆጥረው፣ ተነስተው፣ ከነጸሐፊዎቻቸው ስም ለሕዝብ ይቅረቡ። የተማሪ ስኬት ዝርዝር ስታዘጋጁ ከዚህ የሚቀድም አይታየኝም።

ወደ መምህራን ልለፍ። አንድ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ስንት ዓመት ይፈጃል? የዓመት ሪፖርት ቅጽ ላይ ግን መዝገበ ቃላትም፣ ለአንድ ጉባኤ በጥድፊያ የተጻፈ ስምንት ገጽም እኩል «አንድ ኅትመት» ናቸው። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞዝባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ፤ በኋላ ደግሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታውን ጨመሩበት። ትርጉም የሠራ ሁሉ፣ አሜሪካም ሆነ አረብ አገር ሆኖ ልጆቹን አማርኛ ለማስተማር የሞከረ ሁሉ የእሳቸው ባለዕዳ ነው። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስው አሳተሙ። ከዚያ በፊት እኛ የቋንቋ መምህራን ብዙውን ጊዜ ለግእዝ ወይም ለእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ልብስ ለአማርኛ እያለበስን እጅጌው ለምን ረዘመ እንል ነበር። ፕሮፌሰሩ ልኩን ከራሱ ከአማርኛ ወሰዱ። የማልስማማባቸው ነጥቦች አሉኝ፤ መጽሐፉ እንድሟገተው ስላስቻለኝ ግን አመሰግነዋለሁ።

ስለ ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ ሥራ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ውጭ የሰማ ጥቂት ይመስለኛል። በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው፣ ተርጉመውና ተንትነው እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በ1977 ዓ.ም. የዓለም ካሜራ የተራበ ሰው ፊት ሲያሳይ ያ የተራበው ሰው ምን ይል እንደነበር የጠየቀ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ገበሬው ግን ይገጥም ነበር። ፈጣሪውን ይሞግታል፣ መንግሥትን ይወጋል፣ በራሱም ይቀልዳል። ይህን ከገበሬው አፍ የሰማው የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ወይም የኢኮኖሚ ተንታኝ አልነበረም። የሥነ ሰብ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ለሚል ባለሥልጣን ከዚህ የተሻለ ምን ታሳዩታላችሁ?

የቋንቋ ጥናት ክፍሉንም ሳላነሳ አላልፍም። በዚያ ከተማሩት መካከል አዜብ አምሐ የማሌን ቋንቋ፣ ዘለዓለም ልየው ቅማንትኛን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2003 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ቅማንትኛን በተመለከተ ጥናቱ ሰዋስውን ከመመዝገብ አልፎ አንድ ቋንቋ ከልጆች አፍ ወጥቶ በሽማግሌዎች ብቻ የሚቀረው እንዴት እንደሆነ ያሳያል። ጽሑፉ ለትምህርት ቢሮዎች ይጠቅማል፤ ለወላጅም ይጠቅማል።

ስለ ቀድሞ ምሩቃንና የሥራ ባልደረቦች ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በሸዋ፣ ሸንኮራ በሚባል አገር ተወለዱ፤ አዲስ አበባ፣ ካይሮና ጀርመን አገር ቱቢንገን ተማሩ፤ ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከበው በተኮሱት ጥይት አከርካሪያቸው ተመታ፤ ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ለሕክምና ወደ ውጭ ሄደው፣ በኋላ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠሩ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ገዳም የመሠረተው፣ ከከተማ ርቆ የሚገኝ አነስተኛ የሊበራል አርትስ (ሰፊ ጠቅላላ ትምህርት የሚሰጥ) ተቋም ነው። የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ፎቶግራፍ እየተነሱ ቅጂያቸው አንድም አዲስ አበባ፣ አንድም እዚያ ይቀመጥ ነበር።

የፕሮፌሰሩ ሥራ እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ እያዩ መመዝገብ ነበር። የካታሎግ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ልንገር። ብራናው በአብዛኛው ርዕስ የለውም። ጸሐፊው ስሙን አይጽፍም፤ ከጻፈም በመጨረሻው ቅጠል ጥግ ነው። አንድ ድርሳን ውስጥ ሌላ ጽሑፍ ተሰንጎ ይገኛል። ባዶ ኅዳግ ላይ የርስት ክርክር፣ የስጦታ ውል፣ የንጉሥ ስም ይሰፍራል። መዝጋቢው ይህን ሁሉ አንብቦ፣ የፊደሉን ቅርጽ አይቶ ዘመኑን ገምቶ፣ ከሌላ ብራና ጋር አስተያይቶ ሁለትና ሦስት አንቀጽ ይጽፋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፕሮፌሰሩ ለዐሥርት ዓመታት ይህን ሠሩ፤ በመካከሉም ማንም የማያውቃቸውን ድርሰቶች አግኝተው አሳተሙ፣ ተረጎሙ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ፋውንዴሽንን ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ።

የዚያ የሚኒሶታ ተቋም የመምህራን ስኬት ዝርዝር ውስጥ የሸንኮራው ልጅ አለ። መኖሩም ይገባል፤ ወንበር፣ ጊዜና ጸጥታ የሰጡት እነሱ ናቸውና። በእኛስ ዝርዝር ውስጥ አሉ? ጥያቄዬ ለአንድ ተቋም የቀረበ አይደለም። በየዘመኑ ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩ፣ የተሰደዱና የታሰሩ መምህራን አሉን። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሰናበቱትን ከአርባ በላይ መምህራን እናስታውሳለን። ስለ ቀድሞ መምህራኖቻችሁ ስታወሩ የሄዱትን ከነአካሄዳቸው ጨምሯቸው። ካባ የደረበ ሰው ብቻ የተዘረዘረበት ታሪክ ግማሽ ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንዱ ስኬት በጊዜው ኮሌጁን ጭንቅ ውስጥ ያስገባ እንደነበር አትርሱ። በ1950ዎቹ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ግጥም ያነብቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. የደሃውን ሰው ብሶት ያሰማበት ግጥም በዚህ ይጠቀሳል። የዚያን ቀን የአስተዳደሩ መዝገብ ስኬት ብሎ አልጻፈውም። ዛሬ ግን የኮሌጅ ቀን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግጥሞቹን ነው፤ የበዓሉን የክብር እንግዶች ዝርዝር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ሥነ ጥበብ አጭር ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው በቬኒስ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ (ቢዬናሌ) ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የወከላት ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዋናው ዐውደ ርእይ ሥራዎቿ የቀረቡት ደግሞ የመሪኮከብ ብርሃኑ ናቸው። ሁለቱም የወጡት ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለቱንም ካስተማሩት መካከል ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ይገኙበታል። የገበያ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁመው የሚሥሉትን ታደሰን ማለቴ ነው። የምሩቅን ስኬት ስታበስሩ ማን እንዳስተማረው አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎድልባችኋል? ማስተማር በራሱ እንደ ስኬት የሚቆጠርበት ቅጽ እስካሁን አላየሁም።

ምን እንደምትመልሱልኝ እገምታለሁ። ሚኒስቴሩ የሚጠይቀን ቁጥር ነው ትላላችሁ፤ የኅትመት ብዛት፣ የመውጫ ፈተና ያለፉ ተማሪዎች በመቶኛ፣ የተፈረሙ ስምምነቶች። እውነት ነው። ሥራ የሚበዛበት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያም ሁለት መቶ ገጽ አንብቦ ዜና ሊሠራ አይችልም። ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ እናንተ እንዲገባ ተወስኖ በኖርንበት ዘመን ምን እንደተፈጠረ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ልጆቹ እናንተ ዘንድ መግባትን የተረፈ ሰው ዕጣ አድርገው ማየት ጀመሩ። ምሕንድስና የሚማር ልጅ ሳይቀር ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ እንዲማር በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት መመለሱ ጉዳዩ አሳስቦ እንደነበር ያሳያል። ያንን ዕድል ተጠቅማችሁ ምን እንደምትሠሩ ለሕዝቡ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው። ቁጥር ለሚኒስቴሩ ይበቃ ይሆናል፤ ቁጥር አይቶ ልጁን ታሪክ እንዲማር የፈቀደ አባት ግን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው በጀት የማይሻ ነገር ነው። ማንኛውም የሁለተኛም ሆነ የሦስተኛ ዲግሪ ተመራቂ ጽሑፉን ሲያስገባ፣ ከእንግሊዝኛው አጠቃሎ ጋር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም ጥናቱ በተካሄደበት ቋንቋ አንድ ገጽ ይጻፍ። ለባለሙያ ሳይሆን ለጎረቤት የሚጻፍ አንድ ገጽ፦ ምን ጠየቅሁ፣ ማንን አነጋገርሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን አልተፈታልኝም። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ያልተፈታውን የሚናገር ጽሑፍ ሲታመን አይቻለሁ። ያ ገጽ ጥናቱ ለተካሄደበት ወረዳና በዚያ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይላክ። ለተመራማሪው ቤታቸውን ስለከፈቱለት ሰዎች የተጻፈው እነሱ በማያነቡት ቋንቋ መቅረቱ ነውር ነው፤ ነውሩም ዕድሜው ረጅም ነው።

ዜናውን ማን ይጻፈው ካላችሁ፣ የጋዜጠኝነትና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በግቢያችሁ ውስጥ አሉ። የአንድ ኮርስ መልመጃ አድርጉላቸው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የድሮ ጥራዝ ከቤተ መጻሕፍት ያውጣ፣ ጸሐፊውን በሕይወት ካለ ፈልጎ ያነጋግረው፣ ሁለት ገጽ ይጻፍ። መምህሩ ያርመው፤ ጥሩውን እናንተ አውጡት። ጸሐፊውን ፍለጋ የምሩቃን ማኅበራትም እንደሚያግዟችሁ አልጠራጠርም፤ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም ያሉት ምሩቃን እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድ የትምህርት ክፍል ብቻ ቢሞክረው ይበቃል። የታሪክ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የፍልስፍና ክፍል ቀድሞ ቢያደርገው ግን አልቀየምም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለዩኒቨርሲቲዎች የምሩቃን ማኅበራት
ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች